የፈረሱ ስም ማን ነው? የቼየን የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ

አጎቴ እኔን ለመጠየቅ ከእንጅባራ ወደ ኮሎራዶ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። የምንኖርበትን የአውሮራ ከተማን፣ በሐቫና ጎዳና ላይ ያሉትን የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች፣ የዴንቨርን ሕንፃዎች ሁሉ አሳየኋቸው፤ ሁሉንም በትሕትና ካዩ በኋላ ‹‹መልካም ነው›› ይሉና ዞር ብለው ‹‹ፈረስ ግን የላችሁም?›› ብለው ይጠይቁኛል። አይፈረድባቸውም። እርሳቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ ፈረሶች በዓድዋ ዘመቻ ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው በዓል ላይ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች በሚወጡበት ሜዳ፣ ከጉልምስናቸው ጀምረው ሲጋልቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

ስለዚህ በሐምሌ ወር የዋዮሚንግ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በቼየን የሚደረገው የሮዲዮ በዓል ሲደርስ፣ ከሥራዬ አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ እርሳቸውንና የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። ሮዲዮ ካውቦይ የሚባሉት የከብት ጠባቂዎች የማይገራ ፈረስና በሬ እየጋለቡ፣ ሰንጋና ጥጃ በገመድ እየያዙ የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው። የቼየኑ በዓል ‹‹ፍሮንቲየር ዴይስ›› ይባላል፤ አሥር ቀን ይፈጃል፤ የከተማው ሰዎች ደግሞ በኩራት ‹‹የሁሉም አባት›› ይሉታል።

በኢንተርስቴት 25 ወደ ሰሜን ስንነዳ መንገዱ ሁለት ሰዓት አልሞላም። እኔ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ፤ የዋዮሚንግ ታርጋ ያላቸውን መኪናዎች ለዓመታት ከፊቴም ከኋላዬም አይቻለሁ። በታርጋው ላይ ጀርባውን አጉብጦ የሚዘል ፈረስና በላዩ ኮፍያውን ወደ ላይ ያነሣ ጋላቢ ተሥለዋል። ፎርት ኮሊንስን እንዳለፍን አንዱ መኪና ቀደመንና አጎቴ ታርጋውን በጣታቸው እያሳዩ ‹‹ይህ ፈረስ ስሙ ማን ነው?›› አሉኝ። ሥዕል ብቻ ነው አልኳቸው። ‹‹ሰው ስም የሌለው ፈረስ በብረት ላይ አያሠራም›› ብለው ዝም አሉ።

ማታ የደረስንበት ማረፊያ ከመደበኛ ዋጋው ሁለት እጥፍ አስከፈለን። በበዓሉ ሰሞን ሁሉም እንደዚያ ነው ተባልን። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱን ሲደበድብ አደረ፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ሜዳ የተቆረቆረች በመሆኗ ነፋሱን የሚመልስለት ተራራ የላትም።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በመሀል ከተማ የሰልፉን መነሣት ለማየት ከመንገድ ዳር ቆምን። ሰልፉ የዘመኑ ሞተር የተሸከመው ዓይነት ሰልፍ አይደለም፤ በፈረስና በበቅሎ የሚጎተቱ የጥንት ሠረገላዎች፣ የፖስታ መመላለሻ ጋሪዎች፣ የሬሳ ማጓጓዣ ሠረገላ ሳይቀር በተራ ያልፋሉ፤ የሚነዷቸውም የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ከሰዎቹ ይልቅ በጌጡና በልጓሙ ላይ አደረጉ። አንዱ ጥንድ ፈረስ እኩል እየረገጠ ሲያልፍ ‹‹እነዚህ ክረምቱን ሙሉ ተገርተዋል›› አሉ፤ ያሉትም ትክክል ነበር። አጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት ሠረገላዎቹን የሚያድሱት፣ የሚያስጌጡትና የሚነዱት በጎ ፈቃደኞች እንደ ሆኑ ነገሩን። በጠቅላላው በዓሉን የሚያቆሙት በጎ ፈቃደኞች ወደ 2,500 ይደርሳሉ፤ በየኮሚቴያቸው ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹም ከአባትና ከእናት የወረሱትን ቦታ ይዘው ይሠራሉ።

የበዓሉን አጀማመር የነገሩንም እኚሁ ሴት ናቸው፤ እኔም ከዚህ ቀደም ያነበብኩት ስለ ነበረ ለአጎቴ እያስፋፋሁ ተረጎምኩላቸው። ቼየን የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1867 የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው። በከብት ርቢ ከበረች፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1886 እና በ1887 መካከል የጣለው አስከፊ ክረምት ከብቱን ፈጀው፤ በ1893 ደግሞ የገንዘብ ቀውስ ተከተለ። ፍሬድሪክ አንጂየር የተባለ የባቡሩ ኩባንያ የመንገደኞች ወኪል በዚያ ቀዝቃዛ ዘመን አንድ ሐሳብ አመጣ። ካውቦዮች አንድ አልታዘዝ ያለ ፈረስ ወደ ባቡር ፉርጎ ለማስገባት ሲታገሉ አይቶ ‹‹ይህንን ለማየት ሰው ቲኬት ይገዛል›› ብሎ አሰበ ይባላል። ጎረቤት ከተማ ግሪሊ ‹‹የድንች ቀን›› የሚባል በዓል ነበራትና ቼየንም የራሷ ቀን እንዲኖራት ፈለገ። ሐሳቡን የከተማው ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ኮሎኔል ስላክ ተቀበለውና እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1897 የመጀመሪያው በዓል ለአንድ ቀን ብቻ ተደረገ። የፈረስ እሽቅድምድም፣ የሚዘል ፈረስ መጋለብ፣ ሰንጋ በገመድ መያዝና የፖስታ ጋሪ የሚዘረፍበት ትርኢት ነበረው።

አጎቴ ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ 1890 ዓ.ም. ነው ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩና ‹‹ዓድዋ ላይ ፈረሶቻችን ከተዋጉ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ›› አሉ። ይህን እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፍሮንቲየር ፓርክ ገባን፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በዚሁ ሜዳ ይደረጋል። ውድድሩ በጸሎትና ባንዲራ በያዙ ፈረሰኞች ዙረት ይጀመራል፤ አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። የመጀመሪያው ግልቢያ ያለ ኮርቻ የሚደረገው ነበር። ፈረሱና ጋላቢው ጠባብ በረት ውስጥ ይጠብቃሉ፤ በሩ ተከፍቶ ፈረሱ ሲዘል ጋላቢው በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ስምንት ሰከንድ መቆየት አለበት፤ የተፈታው እጁ ፈረሱን ወይም ራሱን ከነካ፣ ወይም በመጀመሪያው ዝላይ ላይ እግሮቹ ከፈረሱ ትከሻ በላይ ካልሆኑ ግልቢያው ይሰረዛል።

ሊያስረዳቸው የፈለገው ልጄ ነበር፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ሆንኩ። ነጥቡ ከመቶ ነው፤ ሁለት ዳኞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ለጋላቢው እስከ 25፣ ለፈረሱ እስከ 25 ይሰጣሉ። የነጥቡ ግማሽ የፈረሱ ነው ማለት ነው። ጥሩ የሚጋልብ ሰው ሰነፍ ፈረስ ከደረሰው አያሸንፍም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ‹‹እንዴት? ፈረሱ ራሱ ይዳኛል?›› አሉ፤ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የጋላቢዎቹ ስም ከየፈረሱ ስም ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ሳሳያቸው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ በኋላ በሩ ከመከፈቱ በፊት ልጄን የሚጠይቁት የሰውየውን ስም ሳይሆን የፈረሱን ሆነ።

ይህ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር መሆኑን የሚረዳው የእኛን ወግ የሚያውቅ ነው። በእኛ ዘንድ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል እንጂ ፈረሱ ለብቻው አይዘፈንለትም። እዚህ ግን ፈረሱ የራሱን ነጥብ ይዞ ለብቻው ይቆማል።

ሁሉን ነገር ግን አልወደዱትም። ጥጃ በገመድ በሚያዝበት ውድድር ጋላቢው ገመዱን ወርውሮ ጥጃውን በአንገቱ ይይዛል፤ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ሦስት እግሩን ያስራል፤ ፈረሱ በዚህ ጊዜ ብቻውን ወደ ኋላ እየሳበ ገመዱን ይወጥራል። ፈረሱን አደነቁ። ጥጃው ገመዱ ሲይዘው በአየር ላይ ሲገለበጥ ግን ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ዝም አልኩ፤ ብዙ አሜሪካውያንም በዚህ ጉዳይ ከሮዲዮ ወዳጆች ጋር ይከራከራሉና ወቀሳው የእንግዳ ወቀሳ ብቻ አይደለም።

የቀኑ መጨረሻ የዱር ፈረስ ሽቅድምድም ነው። ሦስት ሦስት ሰዎች ሆነው ያልተገራ ፈረስ ይይዛሉ፤ ሁለቱ ገትረው ሲያቆሙት ሦስተኛው ኮርቻ ጭኖ ይወጣና በሜዳው ዙሪያ ይጋልባል፤ ቢሳካ ማለት ነው። አንዱ ኮርቻውን ከጫነ በኋላ ፈረሱ ያለ ሰው ሸሸ፤ ሌላው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ጋለበ። አጎቴ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲሥቁ አላየኋቸውም። ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ሁላችንም ወደ መኪናው ሮጥን።

እሑድ

አጎቴ ጸሎታቸውን በክፍላቸው አድርሰው ወጡና ወደ በዓሉ ቤተ መዘክር ሄድን። ትናንት በሰልፍ ያየናቸው ዓይነት ሠረገላዎች ከመቶ በላይ ሆነው እዚያ ይጠበቃሉ። የታሪኩ ክፍል ግን ከሠረገላዎቹ ይልቅ ያዘን፤ እኔን የያዘኝ የቢል ፒኬት ታሪክ ነው።

ቢል ፒኬት እ.ኤ.አ. በ1870 በቴክሳስ የተወለደ ጥቁር ካውቦይ ነበር። ሰንጋን ከፈረስ ላይ ዘሎ በቀንዱ ይይዘውና ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ መሬት ይጥለው ነበር፤ ይህን ያደረገው ከውሻ አይቶ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1904 በቼየን ባሳየው ትርኢት ተመልካቹን አስደንቋል። ዛሬ ሰንጋ መጣል የሚባለው የሮዲዮ ውድድር መነከሱ ቀርቶ ከእርሱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሞተ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ እ.ኤ.አ. በ1971 በሮዲዮ ጀግኖች አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1994 ቴምብር ሊያወጣለት ሲያዘጋጅ የወንድሙን ፎቶ በስሕተት አትሞ መልሶ ማረም ነበረበት። ልጄ ይህን ሲሰማ ሣቀ፤ እኔ አልሣቅኩም። በዚያ ዘመን ከአራት ካውቦዮች አንዱ ገደማ ጥቁር እንደ ነበር የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ፤ ልጄ ግን በትምህርት ቤቱም በቴሌቪዥንም ያየው ካውቦይ ሁሉ ነጭ ነው።

ፒኬት ትርኢቱን ባሳየበት በ1904 በርታ ኬፐርኒክ የተባለች ሴት በቼየን በጭቃ በተሞላው ሜዳ ላይ የሚዘል ፈረስ ጋልባለች። ዋዮሚንግ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1869 ስለሆነ ነገሩ አይገርምም ማለት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1929 ቦኒ ማካሮል የተባለች ጋላቢ በኦሬገን ግዛት በፔንድልተን ሮዲዮ ወድቃ ከሞተች በኋላ ሴቶች ከዚህ ግልቢያ እየተገፉ ወጡ፤ ወንዶች ሲሞቱ ግን ወንዶችን ማንም አልከለከለም።

ከቤተ መዘክሩ ወጥተን ከሜዳው አጠገብ የቆመውን የሌን ፍሮስት ሐውልት አየን። እ.ኤ.አ. በ1987 በበሬ ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1989 በዚሁ ሜዳ ስምንት ሰከንዱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ በሬው ጀርባውን በቀንዱ መታው፤ ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። ዛሬ በሬ የሚጋልቡ ሁሉ የሚለብሱት የደረት መከላከያ ልብስ የተስፋፋው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው። ልጄ ከሐውልቱ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ትናንት በሬ ጋላቢ እሆናለሁ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ስለዚያ አላነሣም።

በፓርኩ ውስጥ ‹‹የሕንዶች መንደር›› የሚባል ስፍራ አለ፤ መግቢያው በነጻ ነው። በዚያ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች በባህል ልብሳቸው ይጨፍራሉ፤ ታሪካቸውንም ይናገራሉ። ነባር ሕዝቦች ከበዓሉ የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ተካፋይ ሆነው ቆይተዋል። ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከቼየን ሕዝብ ነው፤ ሐዲዱ ሲደርስ ግን ያ ሕዝብ ከሜዳው እየተገፋ ነበር። የበዓሉን ረጅም ታሪክ በሚያወድሱ ጽሑፎች ላይ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙም አላየሁም፤ በጭፈራው መካከል ግን ከበሮ የሚመታው ሽማግሌ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ‹‹ይህ መሬት ከሐዲዱ በፊትም ስም ነበረው›› አለ።

ማታ ላይ ከማረፊያው ወጥተን ስንበላ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ የታርጋውን ፈረስ ነገር መለሰችልን። ብዙዎች ፈረሱ ስቲምቦት ነው ይላሉ፤ በዘመኑ በጣም ጥቂት ጋላቢዎች ብቻ ሊቆዩበት የቻሉ ጥቁር ፈረስ ነበር። አፍንጫው ውስጥ ያለ አጥንት ተጎድቶ ስለ ነበር ሲዘል እንደ እንፋሎት ጀልባ ያፏጭ ነበርና ስሙም ከዚያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሞተ። የሚዘል ፈረስ ምስል በዋዮሚንግ ታርጋ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በላዩ ያለው ጋላቢ ማን እንደ ሆነ ግን ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው ‹‹አየህ›› አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ሰኞ

ማለዳ በ1 ሰዓት በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ለነጻ ቁርስ ተሰለፍን። ይህ የፓንኬክ ቁርስ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚደረግ ነው፤ ሊጡ የሚቦካው ሲሚንቶ በሚያቦካ መኪና ውስጥ ነው። ያልጠበቅኩት ነገር ስለ ነበር ጠጋ ብዬ አየሁት። አብሳዮቹ ከምጣዱ ላይ ፓንኬኩን ወደ ላይ ይወረውሩታል፤ ልጆች ትሪ ይዘው ይቀልቡታል። ከበዓሉ ቀናት በተወሰኑት ይዘጋጃል፤ ሁሉም ተደምሮ ከመቶ ሺህ በላይ ፓንኬክ ይቀርባል። እስቲ እንዲህ ያለ ድግስ በእኛ አገር ስንት ሴቶችን ከእንቅልፍ ይቀሰቅስ ነበር? ሊጡን እንደ ኮንክሪት የማቡካት ሐሳብ ቢደርሳቸው ኖሮ ብዙ ድግስ ይቀልልን ነበር።

ከፓንኬኩ ጋር የሚቀርበው ያሳማ ሥጋ ለአጎቴ ችግር ፈጠረ፤ በትሕትና ሳሕናቸውን ሲሸፍኑ በጎ ፈቃደኛው ሽማግሌ ነገሩ ገባውና ሁለት ፓንኬክ ጨመረላቸው። ሰኞ ባይሆን፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ ወተቱም ጭምር ይቀርባቸው ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸው ከአጎቴ ጋር እኩል ይመስላል። ስንት ዓመት እንደሠሩ ጠየቅኳቸው፤ ያልተገኙበት ዓመት እ.ኤ.አ. 2020 ብቻ እንደ ሆነ ነገሩኝ። በዓሉ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን እንኳ አልተቋረጠም ነበር፤ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰረዘው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዚያ ዓመት ነው። ሽማግሌው በዚያ ሐምሌ ጠዋት ብቻቸውን ወደ አደባባዩ መጥተው ቆመው እንደ ተመለሱ ሲነግሩን፣ አጎቴ ሳልተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥለን ከሜዳው በስተኋላ ያለውን የፈረሶችና የበሬዎች በረት የሚያሳይ ጉብኝት ተካፈልን። አስጎብኚዋ ፈረሶቹ በየቀኑ እንደማይጋለቡና ከስምንት ሰከንድ ሥራ በኋላ ለቀናት እንደሚያርፉ አስረዳችን። እንዲዘሉ ከሽንጣቸው ላይ የሚታሰረውን የበግ ለምድ የለበሰ ቀበቶም አሳየችን። አጎቴ ቀበቶውን በእጃቸው ይዘው ለስላሳነቱን ፈተሹ፤ የላላ መሆኑን ካዩ በኋላ ግን ‹‹የሚዘልለው እንግዲህ በዚህ ብቻ አይደለም፤ ፈረሱ ልቡ ነው›› አሉ። አንዱ ቡላ ፈረስ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሳለፈና አጎቴ ግንባሩን ዳሰሱለት። በአገውኛ አንድ ነገር አሉት። ፈረሱ ጆሮውን ወደ እርሳቸው መለሰ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አውሮራ ተመለስን። በግማሽ መንገድ ላይ አጎቴ ስልኬን ተቀብለው ወደ እንጅባራ ደወሉ። እዚያ መሽቷል፤ ሆኖም የማኅበራቸው አንድ ባልንጀራ አነሣላቸው። በአገውኛ ረጅም ወሬ ያወሩ ጀመር፤ እኔ በአዲስ አበባ ያደግኩ በመሆኔ ቋንቋውን ጥቂት ቃል ብቻ አውቃለሁ። እጃቸውን እያወዛወዙ የፈረስ አዘላለል አሳዩ፤ ስምንት ጣት ዘረጉ፤ የፓንኬኩን መኪና ሲነግሩት ይመስለኛል ሁለቱም ሣቁ። የዋዮሚንግ ታርጋ ያለው አንድ የጭነት መኪና ሲቀድመን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና በዚያ ሁሉ አገውኛ መካከል ‹‹ስቲምቦት›› የሚለውን ቃል አጥርተው ሁለት ጊዜ ተናገሩ።